ሁለቱ ውሃዎች በሚገናኙበት

የሞተው ሰው የተገኘው ማክሰኞ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ በፍሳሽ ማጣሪያው ግቢ ካለው የዝቃጭ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከወለሉ ከፍ ብሎ በተሠራ የሲሚንቶ እርከን ላይ በጎኑ ተኝቶ ነበር። ዕድሜው ሠላሳ ሁለት፣ ሥራው ናሙና መቅዳት፤ ከየገንዳው በጠርሙስ ውሃ እየቀዳ ለላቦራቶሪ ያደርሳል። ጭንብል አላጠለቀም። ገመድ አልታጠቀም። ጃኬቱ ከጉድጓዱ ርቆ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ በራሱ መስቀያ ላይ አዝራሮቹ ተቆልፈው ተሰቅሎ ተገኘ።

ሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፈ። «ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ ሐዘን የተጫነው ይህ ሠራተኛ፣ በጉድጓዱ ጋዝ ሊኖር እንደሚችል እያወቀ፣ ልብሱን አስተካክሎ ሰቅሎ ያለ መከላከያ ወረደ» ይላል። ራሱን አጠፋ የሚል ቃል የለበትም። ያነበበው ሁሉ ግን የተረዳው ያንኑ ነው፤ ወሬውም ከግቢው ወጥቶ ከተማው ውስጥ ለመግባት አንድ ቀን አልፈጀበትም።

ዓርብ ጠዋት የሟቹ እናት ፖሊስ ጣቢያ መጡ። የማጣሪያው ልብስ አጣቢ ናቸው፤ የሠራተኛውን ቱታ ሲያጥቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ሁሉም የሚጠሯቸው «እትዬ» ብለው ነው። መርማሪዋ ፊት ለፊት ሲቀመጡ፣ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ብዛት የተሸበሸበ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉት።

«ልጄን እንደማትመልሺልኝ አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉ። «የመጣሁት ስለ ሴት ልጁ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው። ትናንት ከትምህርት ቤት መጥታ ‹አባዬ የሞተው እኔን ጠልቶኝ ነው?› አለችኝ። ልጆች ናቸው የነገሯት።»

«እርስዎስ ምን ብለው መለሱላት?»

«ዝም አልኩ። ዝም ስላት ጊዜ አዎ ያልኳት መሰላት።»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። የሟቹ ፋይል ፊቷ ነበር፤ ላዩ ላይ የአለቃዋ እጅ ጽሕፈት «ይዘጋ» ይላል።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ምን እላለሁ? የዚያን ዕለት ጠዋት ‹እማዬ፣ የልጅቷ ጫማ ጠቧታል፤ ከሥራ ስወጣ ይዘናት እንሂድ› ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው... ግን እናት ሁሉን አታውቅም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሳቁ ቀንሶ ነበር። ሌሊት ሲገላበጥ እሰማዋለሁ። እና አላውቅም። እውነቱን አምጪልኝ። ከባድ ከሆነም ከነክብደቱ አምጪው። ለዚያች ልጅ የምናገረው ነገር ያስፈልገኛል።»

መርማሪዋ ፋይሉን አልዘጋችውም። ሆስፒታል ደውላ የሟቹን ዕቃ አስመጣች። ከዕቃው መካከል የጋብቻ ቀለበቱ ነበር። የብር ነው፤ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

*

ማጣሪያው ያለው ከተራራው ሥር ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት ቦዮች ይገባሉ። በቀኝ በኩል ያለው፣ ከተዘጋ ሃያ ዓመት ካለፈው የማዕድን ዋሻ አፍ ተነስቶ የሚወርደው ውሃ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የቀላ ነው፤ የነካውን ድንጋይ ሁሉ ያንኑ ቀለም ቀብቶታል። በግራ በኩል ያለው ከከተማው የሚመጣ ግራጫ ፍሳሽ ነው። ሁለቱ አንድ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ይገናኙና ውሃው ጥቁር ይሆናል። ከዚያ በሦስት ገንዳ አልፎ ወደ ወንዙ ሲወጣ ግን ጥርት ያለ ነው።

«ለየብቻ ቢለቀቁ ሁለቱም ወንዙን ይገድሉታል» አለች ኬሚስቷ። ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ዓይኖቿ በልቅሶ ያበጡ ሴት ናት። «የማዕድኑ ውሃ ብረት የበዛበት አሲድ ነው። የከተማውን እርስዎም ያውቁታል። ሲደባለቁ አሲዱ የፍሳሹን ጀርም ይገድላል፣ ብረቱ ከቆሻሻው ጋር ተያይዞ ይዘቅጣል፣ ፍሳሹ ደግሞ የአሲዱን ኃይል ያበርዳል።»

«የከተማው ሽንት ከተራራው ኮምጣጤ ጋር ይታረቃል በያት እንጂ» አሉ አጠገቧ የቆሙት ሽማግሌ። «ስንት ባለሥልጣን ይህን ዕርቅ ሊያይ መጣ! ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ነው የሄደው።»

እኚህ ሰው የማዕድኑ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬና የመክፈቻው ሠራተኛ ናቸው። ድሮ ማዕድኑ ውስጥ ከሟቹ አባት ጋር ሠርተዋል፤ ሟቹንም ሥራ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከሩቅ ሽታ ለይተው የትኛው ገንዳ እንደተበላሸ ስለሚናገሩ «ጋሼ አፍንጫ» ይሏቸዋል። ቀልዳቸውን ጨርሰው ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ። ማንም አልሳቀም፤ እሳቸውም እንዲሳቅላቸው የፈለጉ አይመስሉም ነበር።

«ጋዙ ከየት ነው የመጣው?» አለች መርማሪዋ።

ኬሚስቷ ወደ ሥራ አስኪያጁ አየች። ሥራ አስኪያጁ መለሰ፤ ሸሚዙ የነጣ፣ ስልክ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። «ዝቃጭ ባለበት ሁሉ ጋዝ አለ። ይህንን ልጁም ያውቃል። አውቆ ነው የወረደው። እኔ ለቤተሰቡ ክብር ብዬ ቃሉን አልጻፍኩትም።»

«አንቺን ነው የጠየቅኩት» አለች መርማሪዋ ለኬሚስቷ።

«ጋዙ ዝቃጩ ውስጥ ታስሮ ነው ያለው» አለች ኬሚስቷ ቀስ ብላ። «አሲድ ብቻውን ሲፈስበት በአንዴ ይለቀቃል። ጥቂቱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ደግሞ ምንም አይሸትም፤ አፍንጫን ያደነዝዛል። ያን ጊዜ ሁለት ትንፋሽ ይበቃል።»

«አሲድ ካልገባስ?»

«ካልገባ... ብዙ አይኖርም። ጉድጓዱ ከእሑድ ጀምሮ ፍሳሽ እንዳይገባበት ተዘግቶ አየር ገብቶበታል። ግድግዳው ስለተሰነጠቀ ልንጠግነው ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኖራ ስንቀባው እኔ ራሴ ያለ ጭንብል ወርጃለሁ።»

«ስለዚህ ማክሰኞ ያለ ጭንብል መውረድ ራስን ለመግደል መፈለግ አይደለም።»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ተመለከተ፤ ማንም አልደወለለትም።

*

መርማሪዋ ጭንብል አጥልቃ፣ ገመድ ታጥቃ በመሰላሉ ወረደች። ጉድጓዱ ጠባብ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በኖራ ነጥቷል። አንድ ቦታ ብቻ፣ ከግድግዳው በወጣ ወፍራም ቧንቧ ሥር፣ አንድ ክንድ የሚሰፋ መስመር ኖራው ተበልቶ ሲሚንቶው ተገልጧል። የመስመሩ ጠርዝ ብርቱካን መልክ አለው። ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ሟቹ የተገኘበት እርከን ላይ የናሙና ጠርሙስ ቆሟል። ጠርሙሱ ተሞልቶ ክዳኑ ተዘግቷል፤ ወረቀት ተለጥፎበት በእርሳስ «ማክሰኞ፣ 4፡15» ተጽፎበታል።

ወጥታ ቧንቧው ከየት እንደሚመጣ ተከተለች። አርባ እርምጃ ያህል ሄዶ ከማዕድኑ ውሃ ኩሬ ይደርሳል። ቧንቧው፣ ኩሬው በዝናብ ሞልቶ ወደ ወንዙ እንዳይገነፍል የተሠራ ማስተንፈሻ ነው። መክፈቻው ሜዳ ላይ የቆመ፣ የመኪና መሪ የሚያህል የብረት መዘውር ነው፤ ጣሪያ የለውም። የማዕድኑ ውሃ እየተረጨበት ዝገቱ እንደ ቀለም እጅ ላይ ይቀራል። መርማሪዋ ጣቷን አየችና በመሐረብ ጠረገችው። አልለቀቀም።

የኩሬው ግንብ ላይ ውሃው የደረሰበት የቀላ መስመር ይታያል። ጫፉ ላይ ለመድረስ አንድ ጡብ ብቻ ይቀረዋል።

«ማክሰኞ ዝናቡ እስከ ስንት ሰዓት ዘነበ?» አለች።

ጋሼ አፍንጫ ተከትለዋት ቆመው ነበር። «እስከ ሰባት ሰዓት።»

«መዘውሩን ከፍተው ነበር?»

«መዝገቡን እይው። ቀኑን ሙሉ ዝግ ነበር ይላል።»

«መዝገቡን አይቼዋለሁ። እርስዎን ነው የምጠይቀው።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው አዟዟሩት። «ልጁን በእጄ ነው ያሳደግኩት» አሉ። «አባቱ ዋሻው ሲናድ አጠገቤ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ አባቱ እኔ ነበርኩ። ሌላ ጥያቄ ካለሽ ነገ ጠይቂኝ።»

ጥለዋት ሄዱ። መርማሪዋ አልተከተለቻቸውም። አካሄዳቸውን ብቻ አየች፤ ትከሻቸው ላይ የማይታይ ከረጢት የተሸከሙ ይመስላሉ።

ኬሚስቷን ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዋን አገኘቻት። በየአሥር ደቂቃው የሚወጣው ውሃ ምን ያህል እንደኮመጠጠ የምትጽፍበት ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነው። የማክሰኞ ገጽ ተገንጥሏል።

«የት ነው ያለው?»

ኬሚስቷ መሳቢያዋን ከፍታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «አላቃጠልኩትም» አለች። «‹ገንጥለሽ አቃጥይው› አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ገነጠልኩት። ግን አላቃጠልኩትም።»

ወረቀቱ ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በአንድ እጅ ጽሕፈት የተጻፈ ቁጥር ተደርድሯል። አንድም አልተዘለለም። ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ውሃው ኮምጥጧል።

«አሲድ ገብቷል ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ሰው ጉድጓድ ውስጥ ካለ መዘውሩን እንዳይነኩ በምንድን ነው የምትተዋወቁት?»

«ጓጉንቸር ነበረን። የሚወርደው ሰው መዘውሩን ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይወርዳል። ተሰበረ፤ አራት ወር ሆነው። ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። እስከዚያው ጋሼ አፍንጫ ዘዴ አመጡ፦ የሚወርደው ሰው ልብሱን አውልቆ መዘውሩ ላይ ይሰቅላል። ልብስ ያለበት መዘውር አይነካም።»

«ይህን የሚያውቀው ማን ነው?»

«የምንወርደው ሰዎች ብቻ። እኔ፣ ጋሼ፣ እሱ። ሥራ አስኪያጁም ያውቃል። የተጻፈ ነገር የለም።» ከዚያ እንባዋ መጣ። «የሱ ጃኬት ግን መስቀያው ላይ ነበር። መዘውሩ ላይ አልሰቀለውም። ለዚህ ነው እኔም... እኔም ሊሞት ፈልጎ ነው ብዬ ያመንኩት።»

*

ጃኬቱ አሁንም መስቀያው ላይ ነው። ማንም ሊነካው አልደፈረም። መርማሪዋ አውርዳ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። አዲስ ነው፤ የዕቃ ክፍሉ ዝርዝር ሰኞ ጠዋት ፈርሞ እንደተቀበለ ያሳያል። እጅጌው ላይ በካውያ የተተኮሰ ቀጥ ያለ መስመር አለ። ገልብጣ ውስጡን አየችው። ከአንገቱ ሥር፣ ከአንዱ ትከሻ እስከ ሌላው፣ እንደ ቀስት የጎበጠ ብርቱካን መልክ ያለው ምልክት አለ። ተፈትጓል፤ አልለቀቀም።

ጃኬቱን አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችው።

ከዚያ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደች። እትዬ ሥራ ገብተው ነበር። «ቤት ብቀመጥ ግድግዳው ይበላኛል» አሉ፣ ቱታ ከገንዳ እያወጡ። ክፍሉ በእንፋሎት ሞቋል። አንዲት ትንሽ ወንበር ላይ የልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ደብተርና የራሳቸው ማንበቢያ መነጽር ተቀምጠዋል።

«የማዕድኑ ውሃ የነካው ልብስ ይለቅልዎታል?»

«ጥቁሩ ይለቃል፤ የዝቃጩ። ብርቱካኑ ግን ሰው ቢያለቅስለትም አይለቅ! አሥራ አንድ ዓመት ፈተግኩት። እነዚህ ልጆች ደግሞ ልብስ የሚያስቀምጡበትን አያውቁም፤ የትም ነው የሚጥሉት። የኔው ልጅ ከሁሉም ይብሳል።» ከዚያ «ይብስ ነበር» ብለው አረሙና ቱታውን ጨመቁት።

መርማሪዋ አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር። ከምላሷ ጫፍ ሲደርስ መልሳ ዋጠችው።

ስትወጣ ጋሼ አፍንጫ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጃኬቱን በክንዷ ላይ አዩት።

«ኢንስፔክተር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እለምንሻለሁ። ፋይሉን ዝጊው።»

«እውነቱን አምጪልኝ ብለውኛል።»

«እንግዲያው ስትናገሪ እሷ አትኑር።»

«ስለ ልጃቸው የሚነገረውን እሳቸው ሳይሰሙ ማን ይስማው?»

*

ሰኞ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ሁሉም ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ በሩ አጠገብ ቆመ። ኬሚስቷ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጋሼ አፍንጫ ከእትዬ አጠገብ ተቀመጡ፤ የክፍሉ ሰፊ ቦታ ባዶ እያለ እጅግ ተጠጉ።

«እትዬ» አለች መርማሪዋ፣ «ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበልዎ። የማውቀው ነገር ከባድ ነው። ልናገረው?»

«ከባዱንም አምጪው ብዬሻለሁ።»

መርማሪዋ ቆማ ጀመረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ክስ የምታነብ አትመስልም።

«ሟቹን የገደለው ጋዝ ነው፤ ሐኪሙ ብሏል፣ የብር ቀለበቱም በጋዙ ጠቁሯል። ጥያቄው ጋዙ ለምን ተነሳ የሚለው ነው። አሲድ ሳይገባ በዚያ ጉድጓድ ገዳይ ጋዝ የለም። ሰኞ ግድግዳው ኖራ ተቀባ። እኔ ዓርብ ስወርድ ከቧንቧው ሥር ኖራው ተበልቷል። ኖራን የሚበላው አሲድ ነው። ስለዚህ ከሰኞ ወዲያ አሲድ በዚያ ቧንቧ ወርዷል። የላቦራቶሪው ወረቀት ሰዓቱን ይነግረናል፦ ማክሰኞ፣ ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ። ሟቹ ናሙናውን ቀድቶ፣ ጠርሙሱን ዘግቶ የጻፈበት ሰዓት አራት ከሩብ ነው።»

«ማን ከፈተው?» ስትል ቀጠለች። «ሥራ አስኪያጁ ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል ከተማ ስብሰባ ላይ ነበር፤ አረጋግጫለሁ። ኬሚስቷ በየአሥር ደቂቃው ጽፋለች፤ ከላቦራቶሪው እስከ ኩሬው ሩቅ ስለሆነ በመካከሉ ደርሳ መመለስ አትችልም። ኩሬው ደግሞ አንድ ጡብ እስኪቀረው ሞላና፣ ዝናቡ ሳያቆም ሳይገነፍል ቀረ። የከፈቱት ጋሼ ናቸው።»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ አፍንጫ ወዲያው። «ኩሬው ሊያመልጠኝ ነበር። ታች ወንዙ ላይ ሕፃናት አሉ። ከፈትኩ። መዝገቡ ላይም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይኸው አለቀ። ጻፊና እንሂድ!»

«አላለቀም። እርስዎ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ሰው ነዎት። ሰው አለመኖሩን ሳያዩ አይከፍቱም። የሚያዩት መዘውሩን ነው። ልብስ ከተሰቀለበት ሰው ጉድጓድ ውስጥ አለ፤ ከሌለ የለም። ያን ዕለት ልብስ አልነበረበትም።»

«ይኸው!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አልሰቀለም! መኖር የሚፈልግ ሰው ይሰቅል ነበር። እኔ ያልኩት ይኸንኑ ነው።»

«ሰቅሎ ነበር» አለች መርማሪዋ።

ጃኬቱን ገልብጣ ዘረጋችው። የጎበጠው ብርቱካን ምልክት ታየ።

«ይህ የመዘውሩ ዝገት ነው። ለክቼዋለሁ፤ ልክ ገጠመ። ሌላ ቀን ሰቅሎት ይሆናል እንዳትሉኝ፣ ጃኬቱን የተረከበው ሰኞ ነው፤ ሰኞ እሱ ወደ ጉድጓድ አልወረደም። ማክሰኞ ጃኬቱን መዘውሩ ላይ ሰቅሎ፣ በመሰላሉ ወርዶ፣ ጠርሙሱን ሞላ። ከዚያ በኋላ ጃኬቱን ከመዘውሩ አንስቶ መስቀያው ላይ ያደረገው እሱ ሊሆን አይችልም። ሌላ ሰው ነው።»

ጋሼ አፍንጫ ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ ያነሳሁት!» አሉ እየጮሁ። «አውቄ ነው ያነሳሁት! ተጣልተን ነበር። ልጁን እኔ ነኝ የገደልኩት። አሁን እሰሪኝ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ጋሼ» አለች መርማሪዋ፣ «ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! ገደልኩት አልኩሽ እኮ!»

«ጃኬቱ ታጥቧል። በካውያም ተተኩሷል። እስቲ ይንገሩኝ፣ የዚህ ግቢ ካውያ የት ነው የሚሰካው?»

ሽማግሌው ወደ እትዬ ላለማየት ብለው ወለሉን አዩ።

እትዬ እስካሁን አልተንቀሳቀሱም። ጃኬቱን ነበር የሚያዩት።

«ከመስኮቱ ሥር» አሉ በቀስታ። «ከመስኮቱ ሥር ነው የሚሰካው።»

«እህቴ፣ ተይ...» አሉ ጋሼ አፍንጫ።

«ዝናብ ነበር» አሉ እትዬ። ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። «ቱታ ልሰበስብ ወደ ኩሬው በኩል ሳልፍ አየሁት። አዲሱ ጃኬት። ብረት ላይ ተሰቅሎ ውሃ ይጠጣል። ይህ ልጅ አሁንም ረሳው አልኩ። እርጥቡን ይለብስና ሌሊቱን ሙሉ ያስላል አልኩ። አነሳሁት። ፈትጌ አለቅልቄ ተኮስኩት። መስቀያው ላይ አደረግሁለት፤ ሲመጣ ደረቅ እንዲያገኝ።»

ወደ ኬሚስቷ ዞሩ። «ብረቱ ላይ ልብስ ካለ ሰው ታች አለ ማለት ነው?»

ኬሚስቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«አልነገራችሁኝም።»

«አልነገርንዎትም፣ እትዬ» አለች ኬሚስቷ እያለቀሰች። «ልብስ የሚያነሳ ሰው ይኖራል ብለን አላሰብንም። ለኛ ምልክት ነበር። ለእርስዎ የልጅዎ ጃኬት መሆኑን አላሰብንም።»

እትዬ ወደ ጋሼ አፍንጫ ተመለሱ። «አንተ መቼ አወቅህ?»

«ጉድጓዱ ውስጥ ሳገኘው መዘውሩን ዘግቼ እዚህ ሮጥኩ፤ ጭንብል ልወስድ። ጃኬቱ ተሰቅሎ አየሁት። ሳሙናሽ ሸተተኝ። ያኔ ገባኝ። ይህንንስ እሷ አትስማው አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነው የገደለው ሲል ዝም አልኩ። መዝገቡንም ዝግ ነበር ብዬ ጻፍኩ። አንቺን ነበር የማስበው፤ በእግዜር።»

«ለእኔ አዝነህ ነው» አሉ እትዬ። «አውቃለሁ። ግን ለእኔ ስታዝን ልጄን አሳልፈህ ሰጠሃቸው። ስድስት ቀን ሙሉ ጥሎን ሄደ ሲሉ ሰማህ። ልጅቷ ስትጠይቀኝ ዝም እንድል ያደረግከኝ አንተ ነህ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ዛሬ አልችልም። ሌላ ቀን ና።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ አሳዛኝ አደጋ ነው። ማንም ጥፋት የለበትም። ሪፖርቱን አስተካክዬ...»

«ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ» አለች መርማሪዋ። ሁለት ደብዳቤዎችን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችው። «የመዘውሩ ጓጉንቸር ተሰብሯል፣ ሌላ ይሰጠን የሚሉ ናቸው። ሁለቱንም ተቀብለህ ፈርመሃል። አራት ወር። ሰው የሚወርድበትን ጉድጓድ በጨርቅ እንዲጠብቁት ተውካቸው፤ ጨርቁ ሲነሳ ደግሞ የሞተውን ሰው ወነጀልከው። የላቦራቶሪውንም ገጽ አስገነጠልክ። ለዚህ ነገ ጣቢያ ትመጣለህ። ጋሼም ስለ መዝገቡ ቃላቸውን ይሰጣሉ።»

ሰውየው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም።

«እኔስ?» አሉ እትዬ።

«እርስዎን የሚጠይቅ ሕግ የለም።»

«ሕጉን አይደለም የጠየቅኩሽ።» እጃቸውን ከጭናቸው አንስተው አዩት። «ብቻ አንድ ነገር ንገሪኝ። እዚያ ብረት ላይ የሰቀለው ሊመለስ ነው?»

«አዎ። ልብሱን እዚያ የሚሰቅል ሰው ተመልሶ ሊለብሰው ነው የሚሰቅለው። ናሙናውን ቀድቶ ሰዓቱን ጽፎ ጨርሶ ነበር። ሊወጣ ነበር።»

እትዬ ይህንን ሰምተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኬሚስቷ ተነስታ ልታቅፋቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት። ቆይተው ራሳቸው ተነሱ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ።

«ዘጠኝ ሊሆን ነው።»

«ልጅቷን ዘጠኝ ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ይለቋታል። አልደርስም።»

«በመኪና ላድርስዎ» አለች መርማሪዋ። «ደግሞም... ለልጅቷ ሁሉን መንገር የለብዎትም። አባትሽ በአደጋ ነው የሞተው ማለት ይበቃል።»

«አይበቃም» አሉ እትዬ። «ግማሹን ብቻ ብነግራት ሌላውን ልጆቹ ይነግሯታል። ያን ጊዜ ደግሞ እኔን አታምነኝም። ማን ቀርቷታል?»

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ልጆች እየወጡ ነበር። መርማሪዋ ከመኪናው አልወረደችም። በመስኮቱ አየቻቸው፤ ልጅቷ ከጓደኞቿ ተለይታ ብቻዋን መጣች። አያትየው ከልጅቷ ቁመት ልክ እስኪሆኑ ድረስ ተንበረከኩ፤ መንገዱ አቧራ ነበር፣ ግድ አልሰጣቸውም።

«አባትሽ ጠልቶሽ አይደለም የሞተው» አሉ። «ሊመለስ ነበር። ሥራ ላይ ሰው ታች መኖሩን የሚያሳዩበት ምልክት አላቸው፤ ጃኬታቸውን ይሰቅላሉ። አባትሽ ሰቅሎ ነበር። እኔ ምልክት መሆኑን ሳላውቅ አነሳሁት። ለዚህ ነው የሞተው። ሌላ ሰው ሌላ ነገር ቢነግርሽ ውሸት ነው።»

ልጅቷ አያቷን አየቻቸው። «ለምን አነሳሽው?»

«ዝናብ ነበር። ርሶበት ነበር።»

«አባዬ ተናደደብሽ?»

«አላወቀም፣ የኔ እናት። አላወቀም።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። እጇን ለአያቷ ሳትሰጥ ዞራ በመንገዱ ዳር ብቻዋን መሄድ ጀመረች። እትዬ ከተንበረከኩበት ለመነሳት ግንቡን ይዘው ታገሉ። መርማሪዋ የመኪናውን በር ከፈተች።

ልጅቷ ሃያ እርምጃ ያህል ሄዳ ቆመች። ዞራ አላየችም። ግን ቆማ ጠበቀቻቸው።